ተፍቆ የሚለጠፍ ፊደል፤ ከካራቆሬ ጎዳና እስከ ትንንሾቹ ሞዴሎች

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ጽሑፍም ቢሆን የሰፈረበትን አካል ዕድሜ ተከትሎ የሚያረጅ፣ የሚሰነጠቅና የሚረግፍ ነገር ነው። ብራናን እርጥበትና እሳት ያጠፉታል፤ ወረቀትን ምስጥና ብል ይበሉታል፤ በቆርቆሮ ላይ የተቀባውን ፀሐይ ያነጣዋል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ዕድሜው አጭር የሆነው ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በነዳፊዎች፣ በካርታ ሠሪዎችና በማስታወቂያ ሠዓሊዎች ጠረጴዛ ላይ ነግሦ የነበረው ተፍቆ የሚለጠፍ ደረቅ ፊደል ነው። ብዙዎች በአንዱ አምራች ስም «ሌትራሴት» እያሉ ይጠሩታል። ዛሬ ይህ ፊደል ከቢሮዎች ወጥቶ ከሞላ ጎደል የሞዴል ሠሪዎች ንብረት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የእነዚህ ሰዎች ጥረት ያረጀውን ፊደል አድሶ በትንንሽ አውሮፕላኖች፣ መኪናዎችና ባቡሮች ላይ ማሳረፍ ነው። ነገሩ ከውጭ ሲያዩት የጨዋታ ይመስላል። ጠልቀው ሲመረምሩት ግን የታሪክ ጥያቄ በውስጡ አለ።

፩. ካራቆሬ እና 1953

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ከወረደ በኋላ የይፋትን ቆላ ይዞ ይጓዛል። ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃንና አጣዬን አልፎ ካራቆሬ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ከሚሴና ወደ ኮምቦልቻ ያመራል። በዚህ ጎዳና ላይ የሚያልፍ ተሽከርካሪ ሁሉ አንድ ነገር ተጽፎበት ያልፋል፤ ሠሌዳው፣ የድርጅቱ ስም፣ የጭነቱ ልክ፣ አንዳንዴም የሾፌሩ ጥቅስ። መንገድ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ጎዳናው ራሱ የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ካራቆሬ ግን በዓለም ዘንድ የታወቀችው በጎዳናዋ ሳይሆን በመሬቷ ነው። ግንቦት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በአካባቢው የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት ዘለቀ። ዋናው መናወጥ የደረሰው ግንቦት 24 ለ25 አጥቢያ ነበር። የማጀቴ ከተማ ፈጽማ ፈረሰች። በካራቆሬ ከነበሩት ቤቶች 45 በመቶ ያህሉ ወደቁ። ከካራቆሬ በስተ ሰሜን 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው አውራ ጎዳና በመሬት መንሸራተትና መሰንጠቅ ተጎዳ። አምስት ሺህ ያህል ሕዝብም ያለ መጠለያ ቀረ። በአዲስ አበባ የነበረው የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ ኃላፊ ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አደጋ በስፋት መዝግበውታል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስለ ስምጥ ሸለቆ የሚያጠና የሥነ ምድር ባለሙያ ሁሉ «ካራቆሬ» የሚለውን ስም ያውቀዋል።

ስሙ ከመንደር ወደ ዓለም የተሻገረው በካርታ ነው። ካርታ ደግሞ ከሞዴል ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ ሁለቱም ትልቁን ነገር በተወሰነ ልክ አሳንሰው ያቀርባሉ። ሁለቱም ስምና ምልክት ካልታከለባቸው ዲዳ ናቸው። በካርታ ላይ ያለ ነጥብ ስም እስካልተጻፈለት ድረስ ማጀቴ ይሁን ካራቆሬ፣ ሰው የኖረበት ይሁን ባዶ ሜዳ ማንም አያውቅም።

የጊዜ ግጥጥሞሽ ሆኖ፣ የይፋት መሬት በተሰነጠቀበት በዚያው ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1961፣ በለንደን ከተማ ከሁለት ዓመት በፊት የተቋቋመው ሌትራሴት የተባለው ድርጅት ደረቁን ተለጣፊ ፊደል ለገበያ አቀረበ። ድርጅቱ በመጀመሪያ የሠራው ፊደል በውኃ እየራሰ የሚለቅ ነበር። ያ አሠራር ጊዜ የሚወስድና እጅ የሚያቆሽሽ በመሆኑ ብዙ አልገፋም። ደረቁ ፊደል ግን ብዕር፣ ቀለምና የእጅ ጽሕፈት ችሎታ ሳይጠይቅ ማተሚያ ቤት የሠራው የሚመስል ጽሑፍ በማናቸውም ጠረጴዛ ላይ እንዲወጣ አስቻለ። የካርታ ነዳፊው፣ አርክቴክቱ፣ የፊልም ርዕስ ጻፊውና የመጽሔት አዘጋጁ ተቀበሉት። በሚቀጥሉት ሃያ አምስት ዓመታትም በየአገሩ ከሥራ ጠረጴዛ አልጠፋም።

፪. ሰሙና ፊደሉ

አሠራሩ በሐሳብ ቀላል፣ በተግባር ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ጀርባ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ይታተማል። በቀለሙ ላይ ሰም ያለበት ለስላሳ ማጣበቂያ በስሱ ይቀባል። ከዚያም ማጣበቂያው እንዳይበከል የማይጣበቅ መከለያ ወረቀት ይደረግለታል። ሠራተኛው መከለያውን አንሥቶ ፕላስቲኩን በሚፈልገው ቦታ ላይ ያስተኛዋል። ጫፉ በደነደነ እርሳስ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ደብዛዛ መፋቂያም ከላይ ይፍቀዋል። ፕላስቲኩ ሲለጠጥ ፊደሉ ይዞት የነበረውን ገጽ ይለቅና በአዲሱ ገጽ ላይ ያርፋል። በመጨረሻም መከለያው ወረቀት ተመልሶ ከላይ ይደረግና በድጋሚ ይፈቃል፤ ይህም ፊደሉ ጠንክሮ እንዲይዝ ነው። የተሳሳተ ፊደል ደግሞ በቁራጭ ማጣበቂያ ፕላስተር ተነክቶ ይነሣል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ፊደሉን ከገጹ ጋር የሚያገናኘው ሰሙ ነው። በቅኔያችን ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል፤ በዚህ ግን ሰሙ ሲደርቅ ወርቁ ይረግፋል። ዓመታት ሲያልፉ ማጣበቂያው ኃይሉን ያጣል፤ ቀለሙ ይደርቅና እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰነጠቃል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ አገር በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ገበታ በደጋ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠው ቀድሞ እንደሚያረጅ መገመት አያዳግትም። አቧራ ማጣበቂያውን ያሳውረዋል፤ ከባድ ዕቃ ከላይ ቢጫንበት ደግሞ ፊደሉ ያለ ጊዜው ለቅቆ ከመከለያው ወረቀት ጋር ይጣበቃል።

ሌላው ባሕርዩ ከዚህ የጠለቀ ነው። ደረቅ ፊደል የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የብረት ፊደል ሺህ ጊዜ ያትማል፤ የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ዕድሜ ልኩን ይመታል። ይኸኛው ግን ከገበታው ሲለቅ በስፍራው ባዶ ቦታ ይተዋል። ስለዚህም ያልተነካ አሮጌ ገበታ ያለው ሰው በሁለት ነገር መካከል ይያዛል፤ ቢገለገልበት ገበታው ይጠፋል፤ ቢያስቀምጠው ፊደሉ ተሰነጣጥቆ ሳያገለግል ያልፋል። የእድሳት ሥራ የተነሣው ከዚህ ጭንቀት ነው።

፫. የእኛ ፊደል በዚህ መካከል

የግዕዝ ፊደል ከኅትመት ጋር የተዋወቀው ዘግይቶ አይደለም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳትሟል። በአገር ውስጥ በ1914 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የብረት ፊደልን ለሕዝብ ንባብ አዋለ። ኢንጂነር አያና ብሩም የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ደክመዋል።

እነዚህ ሁሉ የተጋፈጡት ችግር አንድ ነው፤ እርሱም የፊደሉ ብዛት ነው። የላቲን ፊደል በትልቁና በትንሹ ሲቆጠር 52 ቅርጽ ይበቃዋል። የአማርኛው 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተቆጠሩም። ደረቅ ፊደል በሚታተምበት ገበታ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ቅርጽ ደጋግሞ መታተም አለበት። የእንግሊዝኛው ገበታ በጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚመጡትን አናባቢዎች አብዝቶ እንደሚይዝ ሁሉ፣ የአማርኛው ሳድሶቹን ማብዛት ይኖርበታል። በመሆኑም ለላቲን አንድ ገጽ የሚበቃው ሥራ ለግዕዝ ብዙ ገጾች ይጠይቃል። ይህ ወጪ ነው፤ ወጪውንም የሚሸከመው ገበያ ጠባብ ነው።

ሆኖም ፊደላችን በብዛቱ ያጠበበውን መንገድ በሥርዓቱ ያሰፋዋል። «በ» ከቀኝ ጎኑ በወገቡ ላይ ጭረት ሲጨመርለት «ቡ»፣ ጭረቱ ወደ እግሩ ሲወርድ «ቢ»፣ ጭረቱ ቀለበት ሲሆን «ቤ» ይሆናል። «ከ»ም «ለ»ም «ሰ»ም ይህንኑ ይከተላሉ። አያና ብሩና ከእርሳቸው በኋላ የመጡ የጽሕፈት መኪና ሠሪዎች የተመረኮዙት በዚሁ ሥርዓት ነው። በደረቅ ፊደል የሚሠራ ሰውም ግዕዙን አንድ ጊዜ ካሳረፈ በኋላ ጭረቱንና ቀለበቱን ለብቻ እየጨመረ ቀሪዎቹን ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ሥራ የቁም ጸሐፊውን ዓይን ይጠይቃል። ጭረቱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ካዕቡ ሣልስ ይሆናል፤ ቃሉም ይለወጣል።

የኮምፒውተር ኅትመት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲስፋፋ የደረቁ ፊደል ዘመን አበቃ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ ሲገባም የቅርጾቹ ብዛት እንቅፋት መሆኑ ቀረ። ዛሬ ማናቸውም መምህር በጠረጴዛው ላይ ሆኖ የትኛውንም የአማርኛ ቃል በሚፈልገው መጠን ሊያወጣ ይችላል። ይህ ለሞዴል ሥራና ለእድሳት የከፈተው በር ቀጥሎ ይታያል።

፬. ምልክት የሌለው ሞዴል ምን ይናገራል?

ሞዴል ሠሪዎች በልማድ የያዟቸው ልኬቶች አሉ። ለአውሮፕላን አንድ ለ72 እና አንድ ለ48፣ ለጦር ተሽከርካሪ አንድ ለ35፣ ለባቡር አንድ ለ87 የተለመዱ ናቸው። በአንድ ለ72 ልኬት 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሜትር ያህል የነበረው የፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከ20 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ በገላው ላይ 45 ሳንቲ ሜትር የነበረ ፊደልም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን በብሩሽ መጻፍ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ነው። ደረቅ ፊደል ግን እንደ ውኃ ተለጣፊው በዙሪያው የሚያብረቀርቅ ጠርዝ ስለማይተው በሞዴሉ ላይ የተቀባ ይመስላል። የሞዴል ሠሪዎች ፍቅር ከዚህ የመነጨ ነው።

የምልክቱን ክብደት ለመረዳት ወደ ካራቆሬ ጎዳና መመለስ ይገባል። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ወደ 1,700 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘው በዚህ መሥመር ነበር። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለጠበቀው ጉዞው ተሰናከለ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ግን አዲስ አበባ ገባ። የዚያን ጦር መኪናዎችና 3 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙትን ትንንሽ ታንኮች ዛሬም በየአገሩ ያሉ ሞዴል ሠሪዎች በ9 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይሠሯቸዋል፤ ሠሌዳቸውን፣ የክፍል ቁጥራቸውን፣ ዓርማቸውን አሟልተው ያሳርፉባቸዋል። የወራሪው ምልክት በፋብሪካ ታትሞ ስለሚገኝ አሟልቶ መሥራቱ አይከብድም።

በዚያው ጦርነት ሌላ ምልክት ነበረ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ወረራው ሊጀመር ሦስት ወር ሲቀረው ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ከአየር ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ሰፈር ተደበደበ፤ ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትረምና ብዙ በሽተኞች ሞቱ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በኮረም አካባቢ የእንግሊዝ የሕክምና ቡድን ሰፈር ተመታ። በእነዚህ ስፍራዎች ምልክቱ በድንኳንና በመሬት ላይ ጎልቶ የተዘረጋው ከሰማይ እንዲታይ ተብሎ ነበር።

እንግዲህ አንድ ሞዴል ሠሪ ከእነዚህ የሕክምና መኪናዎች አንዱን አሳንሶ ቢሠራና ቀይ መስቀሉን ባያሳርፍበት የሠራው የጭነት መኪና ነው። ተመልካቹም በጦርነት የተመታ አንድ የጭነት መኪና አየ ማለት ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆነው መስቀል ሲያርፍበት ግን ያው ዕቃ የወንጀል ምስክር ይሆናል። በቆርቆሮውና በጎማው ላይ የተጨመረ የለም፤ የተጨመረው ምልክት ብቻ ነው። ያረጀ ምልክትን ማደስ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አይገኝም።

ስለ አውሮፕላኖቻችንም የሚነገረው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ነሐሴ 30 ቀን ተከተለ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ዋዜማና ዕለት እነዚህ የአየር መርከቦች ቦምብ ብቻ ሳይሆን የታተመ ወረቀትም በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ አዘነቡ፤ ፊደል ከሰማይ ሲወርድ የበጌምድር ሰው ያየው ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የበረራ ፈቃድ በማግኘት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ተቆጠሩ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ የሠራትና በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን በረረች። ወራሪው ከተማይቱን ሲይዝ ማረካት፤ ወደ ኢጣሊያም ወሰዳት። ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለኢትዮጵያ በይፋ ተመለሰች።

የ«ፀሐይ»ን ወይም የፖቴዞቹን ሞዴል ለመሥራት የሚነሣ ወጣት የሚገጥመው ፈተና ከክንፍና ከሞተር አይመጣም። የሚመጣው ከምልክት ነው። የዘመኑ ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። በዚያን ጊዜ በስፋት ይሠራበት የነበረው የፎቶግራፍ ፊልም ቀይን ስለማያይ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ቢጫውም ከሚገባው በላይ ይጠቁራል፤ ሰማያዊው ይነጣል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሆነው ዓርማችን በእንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ላይ ሦስት ዓይነት ግራጫ ነው። ይህን ሳያውቅ ፎቶግራፉን አምኖ የሚቀባ ሰው ቀለማቱን ገለባብጦ ቢገኝ አያስደንቅም።

፭. እድሳቱ

ያረጀ ደረቅ ፊደል የሚያድስ ባለሙያ የመጀመሪያ ሥራው መታገሥ ነው። ገበታውን ገልጦ ወዲያው አይፍቅም። ከዳር ካሉት የማይፈለጉ ፊደላት አንዱን ወስዶ በቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ይሞክራል። ፊደሉ ሳይሰበር ከለቀቀና ከያዘ ገበታው ገና ሕይወት አለው ማለት ነው። ካልለቀቀ በጠረጴዛ መብራት ወይም በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ያደርገዋል፤ ሙቀቱ እጅ የሚችለው ያህል ብቻ መሆን አለበት፤ ካለፈ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፤ ፊደሉም አብሮ ይጠማዘዛል።

ማጣበቂያው ፈጽሞ የደከመ ከሆነ የሚቀባውን ገጽ ማዘጋጀት ያዋጣል። የሞዴሉ ገላ በስሱ ቫርኒሽ ይቀባና ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ጣት ሲነካው ሳያጣብቅ ሲያዝ፣ ፊደሉ ይፈቅበታል። ፊደሉ ያጣውን ኃይል ገጹ ይሰጠዋል።

ቀለሙ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን በቀጥታ ሞዴሉ ላይ መፋቅ አደጋ አለው። ፊደሉ ቢሰባበር ሞዴሉም ይበላሻል። በዚህ ጊዜ ባለሙያው መንገዱን በሁለት ይከፍለዋል። ፊደሉን በመጀመሪያ የውኃ ተለጣፊ በሚሠራበት ባዶ ወረቀት ላይ ያሳርፈዋል፤ የተሰበረውን በጥሩ ብሩሽ ይጠግናል፤ ከላይ ግልጽ ቫርኒሽ ይረጭበታል። ሲደርቅ ስንጥቁ በቫርኒሹ ተይዞ አንድ አካል ይሆናል። ከዚያ በውኃ ነክሮ እንደ ማንኛውም ተለጣፊ ወደ ሞዴሉ ያዛውረዋል። የደረቁ ፊደል ዋና ጸጋ የሆነው ጠርዝ አልባነት ይጎድላል፤ ግን ፊደሉ ይተርፋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ግን አንድ ነው። ገበታው ሳይነካ በስካነር በከፍተኛ ጥራት መቀዳት አለበት። ቅጂው በኮምፒውተር ይነደፋል፤ የጎደለው ይሞላል፤ በሚፈለገው ልኬት ይታተማል። ይህ መንገድ ቀደም ሲል የተነሣውን ጭንቀት ይፈታል፤ ሞዴሉ በቅጂው ያገለግላል፤ ጥንታዊው ገበታ ግን ሙሉ እንደሆነ ይቀመጣል። አንድ እንቅፋት ብቻ ይቀራል፤ ተራ የቢሮ ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም። በጥቁር ገላ ላይ ነጭ ፊደል ለማሳረፍ በነጭ ተለጣፊ ላይ ዙሪያውን ማተም ወይም ወደ ስክሪን ኅትመት መመለስ ያስፈልጋል። የስክሪን ኅትመት ደግሞ በየከተማው ከነቴራና ባነር የሚያትሙ ወጣቶች የሚያውቁት ሙያ ነው።

በቅጂ ሥራ ውስጥ ከቴክኒክ የሚበልጥ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። የተሰነጠቀውን ፊደል ሲነድፉ ከነበረው ይልቅ የተዋበ ማድረግ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ቀጥተኛ መሥመር ይወዳል። በቀድሞ አውሮፕላኖችና መኪናዎች ላይ የነበሩት ጽሑፎች ግን በሰው እጅ የተቀቡ ነበሩ፤ «ጵ»ዋ ትንሽ ያዘነበለች፣ «ያ»ዋ እግሯ የረዘመ ልትሆን ትችላለች። ያንን ማቅናት ጸሐፊውን ማጥፋት ነው። በሌላ በኩል በፎቶግራፍ ላይ የማይታየውን በግምት መሙላት ሐሰት መጻፍ ነው። ጥሩ አዳሽ ያገኘውን እንዳገኘው ይተዋል፤ የጨመረውንም በማስታወሻው ላይ «ይህ ተጨምሯል» ብሎ ይመዘግባል። የጥንት ብራና ጠጋኝና የግድግዳ ሥዕል አዳሽ የሚመሩበት ሕግ ለ6 ሚሊ ሜትር ፊደልም ይሠራል።

፮. መደምደሚያ

ደረቅ ፊደል የተፈጠረው ለጥድፊያ ሥራ ነበር። ለዛሬ ማስታወቂያ፣ ለነገ ጠዋት ዕቅድ፣ ለሳምንቱ መጽሔት ያገለግል እንጂ ዘመን ይሻገራል ብሎ የሠራው የለም። ነገር ግን ከጊዜያዊ ዕቃዎች መካከል ያለ ጠባቂ የሚቀሩት ናቸው ቆይተው የዘመኑን መልክ የሚመሰክሩት። በየካርታና በየንድፍ ቢሮው መሳቢያ፣ በየትምህርት ቤቱ የሥነ ጥበብ ክፍል ሣጥን ውስጥ የቀሩ አሮጌ ገበታዎች ካሉ ከመጣላቸው በፊት ሊታዩ ይገባል። ጠባቂያቸው የሚጠየቀው ነገር ጥቂት ነው፤ መከለያ ወረቀታቸውን ሳይለይ፣ ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቆ፣ ከባድ ዕቃ ሳይጭንባቸው ያስቀምጣቸው፤ አስቀድሞም ይቅዳቸው።

ለመምህራን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ዕድል አለ። የታሪክ ክፍለ ጊዜ በቃል ብቻ ሲሰጥ ተማሪው የሚይዘው ዓመተ ምሕረት ነው። በካርቶንና በሽቦ አንድ የሕክምና መኪና ወይም «ፀሐይ»ን አሳንሶ እንዲሠራ ሲታዘዝ ግን መጠየቁ አይቀርም። ምን ዓይነት ቀለም ነበራት? ምን ተጽፎባት ነበር? የጻፈው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ፎቶግራፍ ይመረምራል፤ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ ልኬት ያሰላል፤ ፊደል በጥንቃቄ ይጽፋል። በአንድ ሥራ ሒሳብ፣ ሥነ ጥበብ፣ ታሪክና ቋንቋ ይገናኛሉ። በየመንገዱ ዳር ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሠርተው የሚነዱ የይፋት ልጆች የእጅ ሙያው ቀድሞውኑ አላቸው፤ የጎደላቸው በገላው ላይ የሚጽፉት ታሪክ ነው።

በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ ቤቶች ሲወድቁ በግድግዳቸው ላይ የነበረው ጽሑፍ ሁሉ ከጭቃው ጋር ተደርምሷል። ሕዝቡ ግን ቤቱን ዳግመኛ ሠራ፤ ጎዳናው ተጠገነ፤ መኪናው በላዩ ተጽፎበት እንደገና ማለፍ ጀመረ። የከተማይቱ ስም ግን በአንድ ካርታ ላይ በጥቂት ሚሊ ሜትር ፊደል ስለሰፈረ ከዚያ ቀን ወዲህ ከዓለም ማኅደር አልጠፋም። ትንሽ ፊደል የሚንቅ ሰው ይህን ያስታውስ።